ባሕር ሲሸሽ ሦስት ፊደል፣ ቸኮላት ሲቀንስ አሥራ ሦስት፦ በእንግሊዝኛ ማነስ ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት

እንግሊዝኛ ለሚያንሱ፣ ለሚደክሙና ከቁም ነገር ለሚወጡ ነገሮች ያከማቸው ቃል ለሌላ ቋንቋ ቢያበድር አይጎድልበትም። የመስኩ ሊቃውንት ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ቋንቋው ከላቲንም ከፈረንሳይኛም እየወረሰ የጥንቱንም ስላልጣለ ነው ይላሉ። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ስለዚህ አያጓጓም። ይህ ጥናት ግን ሊቃውንቱ ያለፉትን ሕግ ያቀርባል፦ የሚያንሰው ነገር በገዘፈ ቁጥር ቃሉ ያጥራል፤ የሚያንሰው ነገር በኮሰሰ ቁጥር ቃሉ ይረዝማል። የጥናቱ ዘዴ ፊደል በጣት መቁጠር ነው።

ከባሕር እንነሣ። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ውኃው በየዕለቱ ይሞላል፣ ይሸሻል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት በጀልባ የተቀዘፈበት ቦታ ከሰዓታት በኋላ በእግር ይኬድበታል። ለዚህ ሁሉ ጉድ እንግሊዝኛ የመደበው «ኤብ» የምትባል ቃል ነው። በላቲን ፊደል ሦስት ናት፤ ከሦስቱም ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀጥሎ ጨረቃ አለች። የምድር ውቅያኖሶች በስፋት የጨረቃን ገጽ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ስለሚበልጡት፣ ጨረቃ ስትጎድል የሚነገረው «ዌን» አንድ ፊደል ተጨምሮለት አራት ሆኗል። ሕጉ እስከዚህ ድረስ እንከን አልተገኘበትም።

የሰው ልጅ ዕቅድ ከጨረቃ ያንሳል። በታላቅ ጭብጨባ ተጀምሮ ውኃ የበላው ፕሮጀክት «ፊዝል» አደረገ ይባላል፤ ስድስት ፊደል። ይህ ቃል በ16ኛው መቶ ዘመን ትርጉሙ፣ ጨዋ አንባቢ ይቅር ይበለንና፣ ድምፅ ሳያሰሙ አየር መልቀቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች መምህር ፊት ቆሞ ትምህርቱ ለጠፋበት ጓደኛቸው አዋሉት። ቃሉ አድጎ ዛሬ በቦርድ ስብሰባ ላይ ይነገራል፤ ተሰብሳቢዎቹ አመጣጡን ባያውቁ ይሻላል። የቁጠባ ደብተርና የራስ ፀጉር ግን «ድዊንድል» ያደርጋሉ፤ ሰባት።

ስምንት ፊደል ላይ ስንደርስ የሚያንሰው ክብር ነው፤ «ቢሊትል»፣ ሰውን ማሳነስ። የዚህ ቃል አባት ቶማስ ጀፈርሰን መሆኑ ይነገራል፤ ታሪኩም ረዘም ያለ ቆይታ ይገባዋል። ቡፎን የሚባለው ዝነኛ ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ሊቅ፣ አሜሪካ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነች እንስሶቿ ከአውሮፓዎቹ ያንሳሉ፣ ከአውሮፓ የተወሰዱትም እዚያ ይኮሰምናሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ሊቁ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። ኋላ በፓሪስ የአሜሪካ ሚኒስትር፣ ማለትም መልእክተኛ፣ የሆነው ጀፈርሰን ይህን አልዋጠውም። ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ እንስሶቹን በክብደት እያነጻጸረ ሰንጠረዥ ሠራ፤ ለቡፎንም ነገር «ቢሊትል» የሚል ቃል ተጠቀመ። መጽሐፉ በ1787 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲታተም አንድ የእንግሊዝ መጽሔት እንስሶቹን ትቶ ቃሉን ይዞ ተሳለቀበት።

ሰንጠረዥ ብቻውን አንጀቱን ስላላራሰው ሚኒስትሩ ሌላ ማስረጃ አዘዘ። ሙስ የሚባል፣ ከአጋዘን ወገን የሚበልጠው የሌለ ግዙፍ እንስሳ አለ (ከሙስና ጋር ዝምድና የለውም፤ ሙስና ማነስ ስለማያውቅ በዚህ ጥናት አልተካተተም)። ከኒው ሀምፕሻየር አንድ ሙስ በክረምት በረዶ ተጎትቶ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ በዚያው ዓመት ፓሪስ ገባ። ሲደርስ ፀጉሩ ረግፏል፤ አብሮት የተላከውም ቀንድ የሌላ እንስሳ ነበር፤ ላኪው እንደፈለጋችሁ ግጠሙት ብሎ ነው የላከው። ቡፎን በሚቀጥለው ቅጽ አርማለሁ ብሎ ነበር ይባላል፤ ግን በ1788 ሞተ። ቃሉ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ወደ ፋብሪካ እንገባለን፤ ፊደሉም መብዛት ይጀምራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነዳጅ ሲወደድ የዲትሮይት ኩባንያዎች መኪናቸውን ማሳጠር ያዙና ነገሩን «ዳውንሳይዚንግ» አሉት፤ አሥር ፊደል። በ1980ዎቹ ቃሉ ከመኪናው ወርዶ በሠሪው ላይ ወጣ። ሠራተኛው ትርጉሙን ሲደርስበት «ራይትሳይዚንግ» ተተካ፤ አሥራ አንድ። ልክ ማስገባት እንደ ማለት ነው፤ በአማርኛም ልክ የገባ ሰው ሲደሰት አልታየም።

የሕጉ አክሊል «ሽሪንክፍሌሽን» ነው፤ አሥራ ሦስት ፊደል። ዋጋው ባለበት ቆሞ ዕቃው ሲቀንስ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የሚሸጠው ባለ 170 ግራም ቶብለሮን ቸኮላት 150 ሆነ። አምራቹ ርዝመቱን አልነካም፤ በተራራ መሰል ቁራጮቹ መካከል ያለውን ሸለቆ ግን አሰፋው። ማሸጊያውን ሳይከፍት የገዛ ሰው ምንም አላጣም፤ ያጣው ሲከፍት ነው። ፈረንሳይ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የቀነሰውን ዕቃ ከመደርደሪያው አጠገብ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። የእኛ ዳቦ ስንቱን ግራም ጥሎ ስም እንኳ ያልወጣለት መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ ከርዕስ መውጣት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ደመወዝ ሲቀነስ «ከት» የምትባል ባለ ሦስት ፊደል ቃል አለች ይላል። አለች፤ የሚላት ግን ደመወዙ የተቀነሰበት ነው። ቀናሹ የሚጠቀምበት አንድ አንቀጽ ነው። ሁለተኛው፣ ኢኮኖሚ የሚያህል ነገር ሲያሽቆለቁል «ኔጌቲቭ ግሮውዝ» ይባላል፣ ፊደሉም አሥራ አራት ነው፣ ሕጉ ፈረሰ ይላል። አልፈረሰም። ወደ ኋላ ማደግ በሚባልበት ቦታ የሚያንሰው ኢኮኖሚው አይደለም፤ የተናጋሪው ተጠያቂነት ነው፤ እሱም መጀመሪያውኑ ትንሽ ነበር።

ስለ ማነስ እያወራን፣ ጀፈርሰን የተጠራበትን «ሚኒስትር» የሚል ቃል ሳናነሣ ማለፍ ነውር ይሆናል። የላቲኑ ሥር «ያነሰ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን አገልጋይ ማለት ነው። «ማጂስተር»፣ ማለትም መምህር፣ ከዚያ በተቃራኒ «የበለጠ» ከሚለው ይመዘዛል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ቃሉ ወደ አገራችን የገባው ከነማነሱ ነው። በሥርወ ቃል መምህር ከሚኒስትር ይበልጣል፤ የደመወዝ ስኬሉ ግን ላቲን አይችልም።

አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለምትፈተኑ አንባቢዎች አንድ ቃል። በአካዳሚኩ ፈተና የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ ግራፍ ሊያመጣባችሁ ይችላል፤ ቢያንስ 150 ቃል ይፈልጋል፣ የሚመከረውም 20 ደቂቃ ነው። እዚያ የሚቆጠረው ቃል እንጂ ፊደል አይደለም፤ «ኤብ»ም አንድ ነው፣ «ሽሪንክፍሌሽን»ም አንድ ነው። መስመሩ ሲወርድ ካያችሁ «ፎል» ብላችሁ እለፉ።