ለእማዬ የማይነበብ

ጥር 15 ቀን
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ከብርዱ በቀር» ያልኩት ለወጉ እንዳይመስልሽ። ባለፈው ሰሞን እዚህ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገብቶ ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ስናማ የኖርን ሰዎች ይቅርታ መጠየቅ አለብን። የእኛው ውርጭ እኮ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል። የዚህ አገር ፀሐይ ግን የግድግዳ ሥዕል ናት፤ ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

ደብዳቤውን ለእማዬ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ስለዚህ መዝለል ያለብሽ ቦታ ስትደርሺ እነግርሻለሁ፤ ሳል ሳል ይበልሽና እለፊው።

ነገሩ የጀመረው ከገና ማግስት ነው። የቤታችን ማሞቂያ፣ እዚህ ያለነው ሰዎች «ፈርነስ» የምንለው፣ ምድር ቤት የቆመ ቁም ሣጥን የሚያህል ቆርቆሮ ነው። ጋዝ ያነድና ያሞቀውን አየር በትልቅ ማራገቢያ እየገፋ በየክፍሉ ያዳርሰዋል፤ የቀዘቀዘውን ደግሞ ከላይ ስቦ እንደገና ያሞቀዋል። ጤነኛ ሲሆን ሩብ ሰዓት ያህል ነድዶ ዝም ይላል። ከገና ማግስት ጀምሮ ግን ይነሣል፤ ሦስት ደቂቃ ሞቅ ያለ አየር ይነፋል፤ እሳቱ ድርግም ይላል፤ ማራገቢያው ብቻውን ቀዝቃዛ አየር ሲረጭብን ይቆይና ያቆማል፤ ደግሞ ይነሣል። ሌሊቱን ሙሉ! የሰፈራችን ወፍጮ ናፍጣ ሲያልቅበት እንዴት እንደሚያደርገው ታስታውሻለሽ? እሱን ከአልጋሽ ሥር አስቢው።

መጀመሪያ ራሴ ልየው ብዬ ወረድኩ። ክዳኑን ሳነሣው ማሽኑ ጸጥ አለ። ገደልኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ! ለካስ ከክዳኑ ሥር፣ ክዳኑ ሲነሣ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ክዳኑን ስመልስለት ጥቂት ቆይቶ ማጉረምረም ጀመረ። እንደ ድሮ ሙሽራ ነው፤ መጋረጃው ከተገለጠ ትንፍሽ አይልም።

ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። መጥቶ ለማየት ብቻ 150 ዶላር፣ ያውም ከአራት ቀን በኋላ። እስከዚያው ወሬው እድራችን ውስጥ ተሰማ፤ አበሻ ባለበት አገር ደግሞ ባለሙያ አይጠፋም። አንዱ መጥቶ የግድግዳውን ቴርሞስታት ባትሪ ቀየረ፤ ምንም የለም። ሌላው ግቢ ካለው የሥጋ መጥበሻ ከሰል አቀጣጥለን ሳሎን እናስገባ አለ። እማዬ «ከሰል ውጭ ፍም ሳይሆን ቤት አይገባም» የምትለው ትዝ አለኝ፤ ፍም ከሆነም በኋላ በተዘጋ ቤት ውስጥ ስንቱን ከእንቅልፉ ሳይነቃ አስቀርቷል። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት። (ይህችን አንብቢላት፤ ደስ ይላታል።)

በመጨረሻ ጋሼ ታንከኛው መጡ። በደርግ ጊዜ የቲ-55 ታንክ መካኒክ ነበሩ፤ አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ይገፋሉ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ባትሪያቸውን አብርተው በክዳኑ ትንሽ መስተዋት ወደ ውስጥ ማየት ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ጭሱን ወደ ውጭ የሚስበው ትንሹ ማራገቢያ ያፏጫል። ቀጥሎ ጣት የምታህል ማቀጣጠያ ቀስ እያለች ፍም ትመስላለች። ከዚያ ቡፍ! ሰማያዊ ነበልባል በረድፍ ይነሣል። ነበልባሉ ውስጥ የተሰካች ቀጭን ዘንግ አለች። እሳት ለካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ማሽኑ በዚያች ዘንግ በኩል የአምፔርን ሚሊዮንኛ እየቆጠረ፣ እሳቱ በእርግጥ መቀጣጠሉን ያረጋግጣል፤ ካላመነ ጋዙን ይዘጋል። ጋሼ «ቆሽሻ ይሆናል» ብለው ኤሌክትሪኩን አጠፉና ዘንጓን አውጥተው በደቃቅ የብረት ሽቦ እንደ ብር መስቀል ወለወሏት። መልሰን አስነሣነው። ሦስት ደቂቃ፤ ድርግም።

ጋሼ ዝም ብለው ሰዓታቸውን አዩ። «ዘንጓ ብትሆን ኖሮ በሰከንዶች ይጠፋ ነበር፤ ይሄ ግን ሦስት ደቂቃ ከነደደ በኋላ ነው የሚጠፋው፤ ሞቆት ነው» አሉ። እዚያው መስተዋቱ ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች፦ አራት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ አራት ጊዜ። ከክዳኑ ጀርባ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ የዚህ ማሽን አራት ብልጭታ ትርጉሙ «ከልክ በላይ ግሏል» ነው። ከምድጃው በላይ ያለች የሙቀት ዘበኛ እሳቱን እየቆረጠች፣ ማራገቢያው እስኪያቀዘቅዘው ትጠብቅና እንደገና ትፈቅድለታለች ማለት ነው። አየሽልኝ? እኛ ላይ ቤት ጃኬት ለብሰን ሽሮ እንበላለን፤ እሱ ምድር ቤት በሙቀት ይታመማል! ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣ አየር አጥቶ።

እዚህ ላይ ሳል ሳል ይበልሽ።

አየሩ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማጣሪያ አለ፤ ስፋቱ 16 በ25 ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ኢንች ነው። በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ ይቀየር ይባላል። እኔ መስከረም ላይ «ውድ ነገር ጥሩ ነው» ብዬ ድፍን የመሰለውን ገዝቼ ከተትኩና ረሳሁት። ስስቦው ምጣድ ነው የወጣው፤ ጥቁር! አንቺ የላክሽልኝ እጣን፣ ባለቤቴ በየእሁዱ የምትቆላው ቡና፣ የገና ዶሮ ወጥ ሽንኩርት፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጧል። ባሸተው የእኛ ቤት ሸተተኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመጣል ትንሽ አመነታሁ። አዲሱን፣ ሳሳ ያለውን፣ ቀስቱን ወደ ማሽኑ አዙሬ ከተትኩ፤ ሦስት ደቂቃው አምስት ሆነ። ደግሞም ጋዝ ልቆጥብ ብዬ የማናድርባቸውን ክፍሎች የአየር መውጫዎች ዘግቻቸው ነበር። «የማይተኛበትን ክፍል ምን አሞቀኝ» ያልኩት ሰው፣ ማሽኑን አፉን ይዤው ኖሯል። ከፈትኳቸው፤ ሰባት ደቂቃ። ከዚያ ወዲያ ግን እንቢ አለ።

አሁን ማንበብ ትችያለሽ። እሑድ እማዬ ደወለች። ምድጃችን እንደታመመ ሰምታለች (ማን እንደነገራት አላጣሁትም)። ስንት ጉባኤ የተቀመጥንበትን ጉዳይ አዳምጣ «አንድ ነገር አፍኖታል» አለችና ወደ ዶሮዎቿ ወሬ አለፈች። እሳቱ እንኳ አልታፈነም፤ የሚነድበትን አየር በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ከውጭ ነው የሚስበው። በረዶ ደፍኖት እንዳይሆን ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ ጆሮዬ እስካሁን የእኔ አልመስልህ ብሎኛል። የታፈነው የቤቱ አየር ነው ብዬ ላስረዳት ስል «አፍኖታል አልኩህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ደግሞ ሳል ይበልሽ፤ አሁን በደንብ ሳይ።

ማክሰኞ ማታ ባለቤቴ ሳሎኑን ልትጠርግ ዝተቱን አንሣልኝ አለችኝ። አዎ፣ እማዬ ለገና በሰው የላከችውን የመንዝ ዝተት፤ የመልእክተኛውን ሻንጣ ሲሶ የበላውን። ጫፉን ይዤ ሳብኩት። አልነሣም አለ። እታለም፣ ማርያምን፣ ወለሉን ነክሶ ይዟል! በሁለት እጄ ብታገለው መሀሉ ጎድጉዶ ወደ ታች ይሳባል። እንዲህ ስንጓተት ምድር ቤት ያለው ማራገቢያ ቆመ። ዝተቱ እፎይ ብሎ እጄ ላይ ተለቀቀና በጀርባዬ ሶፋው ላይ ወደቅሁ።

ሥሩ ምን እንዳለ ገምተሻል። ሳሎናችን መሀል ወለሉ ላይ፣ ማሽኑ የቀዘቀዘውን አየር የሚስብባት ሰፊ የብረት ፍርግርግ አለች። ረከቦቱ እሷ ላይ እየተንገዳገደ ቤቱን የጋራዥ ጉድጓድ ታስመስልብኝ ነበር። ለገና እንግዶች ሲመጡ ዝተቱን ጣል አደረግሁባት፤ አማረ፤ ሁሉም አደነቀው። እንደዚያ ያለውን የደጋ በግ ሱፍ አየር በቀላሉ አያልፈውም። ጋሼ ታንከኛውም ዝተቱ ላይ ተቀምጠው ነበር ሦስተኛውን ቡና እየጠጡ ስለ አየር ዝውውር ያስተማሩን።

አነሣሁት። ማሽኑ ሩብ ሰዓት ነደደና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብን ሞተ ብለን ሁላችንም ወርደን አየነው። ለባለሙያው ደውዬ ቀረ አልኩት።

እማዬ የምትቀየመው ስጦታዋ ማሽን አቆመ በመባሉ አይደለም፤ እሱንማ ሰፈሩን ዞራ ታወራዋለች። ከጥቅሉ ጋር በላክሽው ወረቀት ላይ በራስሽ እጅ «እማዬ ሌሊት ደርበው ብላለች» ተብሎ ተጽፏል። እኔ መሬት አንጥፌ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንግዳ አስረገጥኩት። ይህን ከሰማች አለቀልኝ።

አሁን ይህን የምጽፍልሽ ትከሻዬ ላይ ደርቤው ነው። ይከብዳል፤ በግ በግ ይሸታል፤ ልጄ አብሮኝ ሥሩ ገብቷል። «ዝተቱን ይደርበዋል ወይ?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ አዎ በያት። ከማክሰኞ ጀምሮ እውነት ነው።

ወንድምሽ