ጣፊያ የሚወጋው መርፌ ይቅርልን ብንልስ?

«ከተማው ለአንድ ጀሪካን ውሃ ይሰለፋል፣ አንተ አንዲት የዲኤንኤ ሞለኪውል በብርሃን ስለመያዝ ታወራለህ!» ብለህ ተረብከኝ።

አወራለሁ! ጀሪካን ተሸካሚው ካላ አዛር የሚባለው በሽታ ይዞት ከተኛ ማን ሊሰለፍልህ ነው?

«ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» አልክ። ካላ አዛር የሚይዘው የሀብታም ልጅ ነው እንዴ? ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ወርዶ መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚያጭደውን ነው። ማታ ግራር ሥር፣ የተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ይተኛል፤ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ከወራት በኋላ ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይሞታል።

«ምርመራ መች ጠፋ?» አልክ። አልጠፋም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለሙያው ጣፊያውን በመርፌ ወግቶ ናሙና ይቀዳል፣ ተውሳኩን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። እጁ የተባ ነው፤ ግን ጣፊያ አንዴ ከደማ በፋሻ አይታሰርም። ኤችአይቪ ያለበት ሕመምተኛ ደግሞ መዳኑ እንዲረጋገጥ ዳግም ይወጋል። ፈጣኑ የደም ምርመራ ለሕንድ የሠራውን ያህል ለምሥራቅ አፍሪካ አልሠራም፤ የዳነውንም አገርሽቶበት ከመጣው አይለይም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ነበር። ስሙ እስኪታወቅ ስንት ሰው ተቀበረ!

የተውሳኩን ዲኤንኤ ከደም ውስጥ በብርሃን መያዝ ብንችል ጣፊያው ባልተወጋ ነበር። «ብርሃን እንዴት ብሎ ዲኤንኤ ይይዛል?» ጥሩ ጠየቅህ። የዲኤንኤ ውፍረት 2 ናኖሜትር ነው፤ የምናየው ብርሃን ሞገድ ከዚያ ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚረዝም ሳያውቀው ያልፈዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የፍራንክ ቮልመር ቡድን ብርሃኑን ደቃቅ የብርጭቆ ሉል ውስጥ አዞረው፤ ሉሉ ላይ የናኖ ወርቅ ዘንግ ለጥፎ ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ አከማቸው። ወርቁ ላይ የታሰረው የዲኤንኤ ክር አቻውን ሲያገኝ የብርሃኑ ሞገድ ቅንጣት ታህል ይዛነፋል፤ መሣሪያው ያንን ያነባል። ማቅለሚያ የለ፣ ማባዛት የለ።

«ነገውኑ ይምጣልና!» አትቸኩል። ያ የተሠራው በተጣራ ፈሳሽ ነው፤ ደም ግን እንደ ቅዳሜ ገበያ ግርግር ነው። ደግሞ ተውሳኩ ደሙ ውስጥ እያለ የማይታመም ብዙ ሰው አለ። አንዲት ሞለኪውል ስላገኘህ ጤነኛውን መርዛማ መድኃኒት ልትወጋው ነው? የተውሳኩ ዲኤንኤ ስንት ሲደርስ ሕመም እንደሚሆን መለካት አለበት፤ የሚለካውም ሕመምተኛው ባለበት ነው።

«እኛና ናኖ ምንና ምን?» ስትል ግን አልምርህም። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የከፈተች፣ ተማሪዎቿን ገጠር ድረስ የላከች ከተማ ናት። በሽታውን በየቀኑ የሚያክም ባለሙያ እዚሁ አለ። መሣሪያው ሲሠራ ይህ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ፤ ሌላ ቦታ አልቆ በካርቶን አይላክለት።

«እስከዚያስ?» እስከዚያማ ከቆላ ትኩሳት ይዞት የተመለሰውን ወንድምህን «ወባ ነው፣ ይለቀዋል» ብለህ አታስተኛው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ጎንደር አምጣው፤ ቆላ መክረሙንም ለሐኪሙ ንገር።