የትል ሊቅ ይፈለጋል

ዩኒቨርሲቲ የነገዎቹን የባዮሎጂ መምህራን የሚያሠለጥን ሰው ሲቀጥር ማስታወቂያው ያምራል፤ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ የታተመ ጥናት ያለው ይመረጣል። አመልካቹ በዓሣ ሆድ ውስጥ ስለሚኖር ጥገኛ ትል ተመራምሮ ዶክተር ሆኗል እንበል። ተመስገን፣ ትሉም ሰው አገኘ! «ዶክተር፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው አስተምረው ያውቃሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ነውር ነዋ!

የአመልካቹ ብቃት የሚለካው በፓወር ፖይንት ነው፤ መብራት ከጠፋ ፈተናው ይራዘማል። ሠልጣኙ ነገ የሚገባበት ክፍል ፕሮጀክተር ቀርቶ ጠመኔም በልመና ነው። ማይክሮስኮፕ እንኳ አለ፤ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ሞዴል 22 የሚሉት የንብረት ወጪ ቅጽ እስኪሞላለት ይጠብቃል። እስከዚያው ሴል ማለት ሰሌዳ ላይ የተሳለ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው። እንቁራሪትም በቃል ትበለታለች፤ ለእሷስ ደግ ነው።

ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ አልተዘነጋም። በባዮሎጂ ለተመረቀው በ2003 ዓ.ም. የማስተማር ዲፕሎማ ተጀመረለት፤ መጀመሪያ ዕውቀቱ፣ ሥነ ዘዴው በኋላ፣ እንደ ምርቃት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። ተማሪው ተወቀሰ፣ መምህሩ ተወቀሰ። መምህሩን ያስተማረውን ማን ቀጠረው የሚል አጣሪ ኮሚቴ ግን አልሰማንም፤ አበል ስላልተያዘለት ይሆናል።