ጉርሻ እንቢ ያለችው ድመት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ እጄን አይተሽ «ማናት እንዲህ የቧጠጠችህ? አግብተህ ደብቀኸኝ እንዳይሆን» ብለሽኝ ነበር። መልሱ ረዘም ስለሚል ለፋሲካ በሚመጣው ሰው እጅ ይህን ደብዳቤ ልኬልሻለሁ። ሚስት አይደለችም፤ ድመት ናት። እሷም የእኔ አይደለችም፤ የሰው አደራ ናት።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ ሲያትል ሥራ አግኝቶ ሲሄድ «አንድ ወር ብቻ ያዝልኝ» ብሎ ትቷት ሄደ። ወሩ ሁለት ዓመት ሆነው። ሻሼ ትባላለች፤ ዕድሜዋ 12 ነው። እኛ ቤት ብትሆን ጎተራ ስትጠብቅ ኖራ ይሄኔ በጡረታ ምድጃ ዳር በተኛች ነበር። ይቺ አይጥ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ የሕክምና ካርድ ግን አላት። እኔ ካርድ ያወጣሁት ከእሷ በኋላ ነው።

ከገና ወዲህ ያቀረብኩላትን ሁሉ ትበላለች፣ ሌሊት ቀስቅሳኝ «ጨምር» ትላለች፤ ግን አጥንቷ ወጣ። አንቺ ብታዪያት «ቡዳ ነው» ብለሽ ጤና አዳም ትፈልጊላት ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ደሟን መርምራ፣ አንገቷ ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለችኝ። ያው እኛ አገር እንቅርት የሚያወጣው ዕጢ ማለት ነው። ያረጁ ድመቶችን አዘውትሮ የሚይዝ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ በሚሰጥ ጨረር ያለው አዮዲን አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ዋጋውን ግን አልነግርሽም፤ ስንት በሬ እንደሚገዛ ማስላት ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ሜቲማዞል የሚባል ክኒን ታዘዘላት፤ 2.5 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ በየ12 ሰዓቱ፣ ዕድሜ ልኳን።

ክኒኗ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ያቺን ምስር ለማስዋጥ ያየሁትን አሳር ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያንቺን ዘዴ ያዝኩ። ልጅ ሳለሁ መራራውን ክኒን በማር ለውሰሽ ታጎርሺኝ አልነበር? እኔም ማር ገዝቼ ለወስኩ። ሻሼ አሸተተችና እንደ ተሰደበ ሰው ፊቷን አዞረች። ለካ ድመት ጣፋጭ የሚባል ጣዕም አታውቅም!

ቀጥሎ ዶሮ ወጥ አሰብኩ። ደግነቱ አስቀድሜ ደወልኩ። ሐኪሟ «ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ደም ያበላሻል፤ እንዳታስነካት» አለችኝ። ለሰው የሚሰጠው ፓናዶልም ድመት እንደሚገድል የነገረችኝ ያኔ ነው። እባክሽ እማዬ፣ ለቤታችን ድመት አዝነሽ እንዳትሰጫት።

ከዚያ የእሷን ክኒን ቱና ውስጥ ደበቅኩት። ሳህኑን ጥርግ አድርጋ ላሰች፤ ክኒኗ ብቻ ታጥባ መሃል ላይ ቀረች። ፈጭቼ ብነሰንሰው ምግቡን ጨርሶ ተወችው። ሐኪሟ ተቆጣች፦ ይህ ክኒን ሽፋን ስላለው አይፈጭም፤ ድመት ደግሞ ለቀናት ካልበላች ጉበቷ ይታመማል። እኔ እኮ ሁዳዴን የያዘች መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ በግልጽ ጦርነት ገጠምን። የላክሽልኝን ጋቢ አውጥቼ ጭንቅላቷ ብቻ እስኪቀር ጠቀለልኳት፤ ክርስትና የምትነሳ ሕፃን መሰለች። እንደ ተማርኩት ጉንጮቿን ከላይ ይዤ አፍንጫዋን ወደ ጣሪያ ቀና ሳደርግ መንጋጋዋ ላላ አለ። ክኒኗን ከምላሷ መጨረሻ ጣልኩ፣ አፏን ገጠምኩ፣ ጉሮሮዋን አሻሸሁ። ደረቅ ክኒን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስል ስለሚችል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ትንሽ ውኃ አስከተልኩ። አፍንጫዋን ከላሰች ዋጠች ማለት ነው ተብያለሁ። ላሰች። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ብዬ ፈታኋት፤ ቀስ ብላ ከሶፋው ኋላ ገባች።

ቅዳሜ ቤት ስጠርግ ከሶፋው ሥር አራት ክኒን እንደ ሽንብራ ተበትኖ አገኘሁ። አፍንጫዋን ስትልስ የከረመችው ለእኔ ብላ ኖሯል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! እጄ ላይ ያየሽው ጭረት የዚያ ሳምንት ነው።

ወደ ሐኪሟ ተመልሼ «ከዚህ የሚቀል የለም ወይ?» አልኳት። «አለ» አለች፤ «ያንኑ መድኃኒት በቅባት መልክ የሚቀምም ፋርማሲ አለ፤ ጆሮዋ ላይ ይቀባል።» እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ አለመጠየቄን ነገረችኝ።

አሁን ጓንት አጠልቃለሁ፤ ያለ ጓንት መድኃኒቱ ወደ እኔው ይገባል። እሷ ስትበላ ጠጋ ብዬ ከጆሮዋ ውስጥ ጸጉር የሌለበትን ቦታ ቀባ አደርጋለሁ፤ ቀኙን ጠዋት፣ ግራውን ማታ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል እሰማ ነበር፤ የእንቅርት መድኃኒት በጆሮ ሲገባ ያየሁት ግን አሜሪካ ነው። ቅባቱ ከክኒኑ ዘግየት ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሁሉም መድኃኒትም በቆዳ አይገባም። ቢሆንም ከወር በኋላ ደሟ ሲመረመር ዕጢው ረገብ ብሎ ተገኘ፤ እሷም ሥጋ መልበስ ጀምራለች። ለካ ቀላሉ መንገድ ጉልበት የማይጠይቀው ብቻ አይደለም፤ እኔም እሷም ሳንጣላ ነገም ከነገ ወዲያም የምንደግመው ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለድመቷ ብዬ አይምሰልሽ። እህቴ ሁሉን ነግራኛለች። የግፊት ክኒንሽን «ዛሬ ደኅና ነኝ» እያልሽ መሶቡ ሥር ታስቀምጪያለሽ አሉ። እማዬ፣ ሻሼም አፍንጫዋን እየላሰች ደኅና ነኝ ባይ ነበረች። ግፊት ሳያምም ነው የሚጎዳው፤ በየቀኑ የሚዋጠውም ለዚህ ነው። ከዚህ ሆኜ በጋቢ ልጠቀልልሽ አልችልም፤ ጆሮ ላይ የሚቀባም አልታዘዘልሽም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ቡናው ሳይቀርብ ዋጪልኝ። ከዋጥሽ በኋላም አፍሽን ከፍተሽ ለእህቴ አሳዪያት።

ናፋቂ ልጅሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ