ትርፍ አለ?

ገንዘብ አጥሮት የከሰረ ሰው ሞልቷል። ገንዘብ በዝቶበት የከሰረ ግን አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

ጁስ ቤት ልከፍት ሳስብ እቁብ ወጣልኝ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለው ወንድሜ «አንተ ብቻ ጀምር» ብሎ ላከልኝ፤ አጎቴም «እኔንም አስገባኝ» አለ። ለጁስ ቤት የሚያስፈልገው መፍጫ፣ ፍሪጅና ፍራፍሬ ነው። ብሩ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነለትም። መጀመሪያ ጣሪያው ጂፕሰም ሆነ። ቀጥሎ ሃያ አራት ወንበር፣ ቀጥሎ የሚበራ ታፔላ፣ ቀጥሎ ማናጀር። ማናጀሩ በሦስተኛው ቀን ምክትል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። አቮካዶ የሚገዛ ሰው እንደሌለን ትዝ ያለን በመክፈቻው ዋዜማ ነው።

ፊት ለፊቴ አንዲት እማማ አሉ፤ አንድ መፍጫ፣ አራት ዱካ። አቮካዶውን በአውራ ጣታቸው ጫን ሳያደርጉ አይገዙም፤ አንዲት የተበላሸች ማንጎ የቀን ትርፋቸውን ይዛባቸው ትሄዳለቻ! እኔ ቤት ማንጎው በካርቶን ሲበሰብስ ማናጀሩ «ያጋጥማል» ይላል፤ እኔም «ያጋጥማል» እላለሁ።

ደግነቱ የባሰም አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጁሴሮ የሚባል ኩባንያ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቦ ዋይፋይ ያለው የጁስ መጭመቂያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2016 ገበያ ሲወጣ ዋጋው 699 ዶላር ነበር። በ2017 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ለማሽኑ የተዘጋጀውን ከረጢት በባዶ እጃቸው ጨመቁት፤ ጁሱ ዱብ ዱብ አለ። ኩባንያው ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። እማማ ቢሆኑ ከረጢቱን ገና በመጀመሪያው ቀን ጨመቅ ያደርጉት ነበር።

እጥረት ነዝናዛ ነው፤ እያንዳንዷን ሳንቲም «ወዴት ነሽ?» ይላል። ጥጋብ ግን በሩን ከፍቶ ይሸኛል። በዚያ ላይ የገባው ብር ሁሉ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ለአራት ዱካ የሚበቃ ገበያ ደግሞ ሃያ አራት ወንበር፣ አንድ ወንድምና አንድ አጎት አይመግብም።

ትናንት አጎቴ ደወለ።

«ለመሆኑ ትርፍ አለ?»

«አለ እንጂ! ሃያ ትርፍ ወንበር አለ።»

ዋሽቼዋለሁ። ስድስቱን እማማ ደንበኛ በዝቶባቸው ተውሰውኛል።