ሮም ላይ የባከነች ቅዳሜ

አንዲት ቅዳሜ ነበረችን። ለጓደኛችን ሠርግ ከአዲስ አበባ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልምና ከዋሽንግተን ተጠራርተን ሮም ላይ ተገናኘን። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሰኞ ሁሉም ወደየመጣበት ይበራል። አምስት ነን። ትምህርት ከጨረስን ወዲህ አንድ ላይ ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር። ያቺ ቀን እንዴት እንዳለቀች ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የተበላሸው ከቀጠሮው ነው። የፍራንክፈርቷ ጓደኛችን «በዘጠኝ ሰዓት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት» ብላ ጻፈች። እሷ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው። አብሮኝ ከአዲስ አበባ የመጣው ግን ከሰዓት በኋላ መስሎት ተኛ። ውጭ የሚኖረውና አገር ቤት ያለው ሲቀጣጠሩ ይህ ነገር ስንቱን እንዳቀያየመ የደረሰበት ያውቀዋል። «በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? እሱ ተቀስቅሶ እስኪመጣ፣ ሌላው «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ከሆቴሉ ሳይወጣ፣ ከዚያ የተነቃነቅነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆሜ የጠበቅሁበት አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው። ሐውልታቸውም ከዚያው ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ እዚያ ሐውልት ሥር ቆሞ ነበር፤ የዘርዓይ ደረስ ታሪክም ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ሲሰበሰብ «እስቲ ደረስ ብለን እንምጣ፣ አጠገባችን ነው» አልኩ። «ስንመለስ» አሉኝ። ሳናየው ቀረን።

ፎቶው ደግሞ አለ። ትሬቪ ፏፏቴ ስንደርስ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። በአንድ ስልክ ተነስተን በኋላ ለሁሉም መላክ ስንችል በአምስት ስልክ አምስት ጊዜ ተነሳን። ከዚያም እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከዚያም ሁለት ሁለት እየሆንን። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገሙልኝ» የሚል አይጠፋም። ውሃውን ዘወር ብሎ ያየ ግን አልነበረም። የስፔን ደረጃዎች ጋ ስንደርስ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገችው እግሯ አብጦ ቁጭ አለች፤ ወዲያው ፊሽካ ተነፋባት። እዚያ ደረጃ ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። ለእግር ጉዞ የሚመች ጫማ አድርጉ ብዬ በዋዜማው ጽፌ ነበር። ያነበበው የለም።

የምሳው ግን ከሁሉ ይብሳል። ከተማው ፓስታ በፓስታ ሆኖ ሳለ የዋሽንግተኑ «እንጀራ ካልበላሁ አልችልም» ብሎ ድርቅ አለ። ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉት ተርሚኒ አካባቢ ስለሆነ አውቶቡስ ይዘን ወደተነሳንበት ተመለስን። ትኬት ገዝተናል፤ ነገር ግን ሁለቱ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ማሽን ላይ ሳያስመቱ ቀርተው ተቆጣጣሪ ያዛቸው። ቅጣቱ ለአንድ ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ነው። ሕጉ ሕግ ነው፤ አስመቱ እየተባሉ ወሬ ይዘው ያልሰሙት እነሱ ናቸው። ከምሳ በኋላ ደግሞ የሂሳቡ ግብግብ። «በሞቴ!» «እኔ እያለሁማ አይሆንም!» እየተባባሉ ወረቀቱን ሲነጣጠቁ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ አንዱ ብቻውን ከፈለ፤ ማታ ደግሞ እንደከበደው ከሌላ ሰው ሰማሁ። እንከፋፈል ማለትን ማን ነው ነውር ያደረገብን?

የኮሎሲየምን ትኬት እኔ ነበርኩ አስቀድሜ የገዛሁት። እዚያ በስምና በሰዓት ተይዞ ነው የሚገባው። ሰዓታችን ስምንት ነበር። የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች በትሕትና አይቻልም አሉን። እውነታቸውን ነው። ዙሪያውን ከውጭ ዞረን ቀረን።

ከኮሎሲየም የሳን ግሬጎሪዮን መንገድ ይዘው ቁልቁል ሲሄዱ መጨረሻው ፖርታ ካፔና ነው። ሮም የመጣሁት ለሠርጉና ለዚህ ቦታ ነበር። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ግንባታው በተጀመረው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚገኝበት ሕንፃ ፊት ለፊት። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው ግን በ2005 ነው፤ 58 ዓመት ቆይቶ። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ምሁር ደጅ ጠንቷል፣ ደብዳቤ ጽፏል። እኔ በልጅነቴ አባቴ ሬዲዮ ከፍቶ ሐውልቱ መጣ ሲባል እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ስንደርስ መሽቷል። ሁሉም ደክሟል፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። የስቶክሆልሙ ዙሪያውን ቃኘና «እዚህ እኮ ምንም የለም፣ እንሂድ» አለ። ታክሲ ተጠርቷል። ስድስት ደቂቃ ቆምን።

ሐውልቱ የለም፣ ልክ ነው። የሚታየው ሐውልቱ የሄደበት ቦታ ነው፤ አባቶቻችን ለምነውና ተሟግተው ያስለቀቁት ነው። አንድ ሰዓት እዚያ ቆመን ስለ እነሱ ብናወራ ምን ይጎድልብን ነበር?

ሮም የምትሄዱ ወገኖች፣ እባካችሁ ቀናችሁን ከዚያ ጀምሩ። ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ስትወጡ እዚያው ነው። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ወረፋም የለውም።