የፈዛዛ ግራጫ ፊደልን ክብር ለማስጠበቅ የወጣ አዋጅ

ፈዛዛ ግራጫ ፊደል በነጭ ገጽ ላይ፣ መጋረጃው በወረደ የዲዛይነር ቢሮ ውስጥ ሲታይ እጅግ የሚያምር በመሆኑ፤

ቃሊቲ መናኸሪያ በጠራራ ፀሐይ የቆመ ተገልጋይ ግን ስልኩን በነጠላው እየከለለ «ምን ይላል?» በማለት በማስቸገሩ፤

የመተግበሪያ ማማር ከመነበቡ እንደሚበልጥ መደንገግ በማስፈለጉ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ
«የግራጫ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ
«ተገልጋይ» ማለት መነጽር የማያደርግ፣ ውድ ስልክ የያዘና ጥላ ያገኘ ወጣት ነው።

አንቀጽ 3. ስለ ፊደል ቀለም
1) ማንኛውም ጽሑፍ በነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ ይጻፋል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የቀለም ንፅፅር መጠየቁ፣ ይህን የሚያሟላ ያማረ ግራጫም መኖሩ ይታወቃል፤ ለዲዛይነሩ ግን አይነገርም።
2) የንዑስ አንቀጽ (1) ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሚከተሉት በደማቅ ጥቁር ይጻፋሉ፦
ሀ) የመሥሪያ ቤቱ ስም፤
ለ) የኃላፊው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ ከነፎቶው፤
ሐ) የቅጣት መጠን።
3) በፊደል ተራ (ሐ) የተጠቀሰው የቅጣት ምክንያትንና የይግባኝ ቀነ ገደብን አይጨምርም።
4) «ላክ» እና «ሰርዝ» የሚሉት ቁልፎች ጽሑፍ ስለሚበዛባቸው ሥዕል ብቻ ይሆናሉ፤ ለስክሪን ሪደርም ስም አይሰጣቸውም። ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ «ቁልፍ፣ ቁልፍ» ሲባል ሰምቶ ገንዘቡ የት እንደሄደ በዕድሉ ይወቅ።
5) የማረጋገጫ ቁጥር መጻፊያው ሳጥን ግራጫ በግራጫ ይሆናል፤ ሳጥኑ ሲፈለግም ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም።
6) ከዚህ ሁሉ በኋላ ማንበብ ያቃተው ሰው የምስጢር ቁጥሩን ለማያውቀው ጎረምሳ ነግሮ ሊስተናገድ ይችላል። ገንዘቡ ቢጠፋ ምስጢሩን ያወጣው ራሱ ነው። ቢሮ ድረስ ሄዳ የምትጮህ ጡረተኛ «አሁን ሁሉም በስልክ ነው፣ እናቴ» ትባላለች። እናቴ ይሏታል ደግሞ! በገዛ ጡረታዋ ለማኝ አድርገዋት! ፊደሉን ማጥቆር እኮ አንድ የቀለም ቁጥር መቀየር ነው፤ ሻይ እስኪቀርብ የሚያልቅ ሥራ። ከ«እናቴ ይሏታል» ወዲህ ያለው በስህተት የገባ ስለሆነ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንቀጽ 4. ስለ ሌሎች ሕጎች
ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችበት አዋጅ ቁጥር 676/2002 አልተሻረም። በግራጫ ይታተማል።

አንቀጽ 5. የሚጸናበት ጊዜ
በመተግበሪያው ግርጌ በተመለከተው ቀን ይጸናል። ቀኑን ማንበብ አለመቻል ከቅጣት አያድንም።